የሞተር ሳይክሉ መስታወት



በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ሽንት የተጻፈ ነገር እስካሁን አላነበብኩም። የዝግጅት ኮሚቴው ጓዶች «ስለ ኩዌት ኑሮ አንድ ነገር ጻፍልን» ባሉኝ ጊዜ ስለ ነዳጁ፥ ስለ ሙቀቱ ወይም ስለ እኅቶቻችን ደመወዝ እጽፋለሁ ብለው ጠብቀው ይሆናል። ከእኔ ልብ የማይወጣው ግን በ2016 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ፥ በሐወሊ ሰፈር በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ያየሁት፥ አብዛኛውንም በር ላይ ቆሜ የሰማሁት ነገር ነው። ነውር ነው የሚለኝ አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም፤ እኔም ያደግሁት እንደ እሱ ነው። ሆኖም በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት ሰው ሊገድል ሲል በዓይኔ ስላየሁ እጽፈዋለሁ። ባለቤቲቱም ፈቅዳለች። በስልክ ስጠይቃት ስቃ፥ «ስሜን አትጥራ እንጂ ጻፈው፤ ከጻፍክ ግን ሸፋፍነህ አትጻፈው» አለችኝ።

ባለቤቲቱ ታላቅ እኅቴ ናት፤ እኔ እታለም እላታለሁ፥ እሷም ወንድምዓለም ትለኛለች። የወሎ ልጆች ነን፤ ከሐይቅ። አባታችን ከሞተ በኋላ የቤቱን ሸክም የተሸከመችው እሷ ናት። ወደ ኩዌት የመጣችው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም መንግሥት ከጥቅምት 2006 ጀምሮ ለቤት ሥራ ወደ ዐረብ አገሮች መሄድን አግዶ በነበረበት ጊዜ፥ በደላላ እጅ መሆኑ ነው። እኔ በስኮላርሺፕ እዚሁ ከተማ ለምሕንድስና ትምህርት ስደርስ እሷ በማዳም ቤት ዓመታት ቆጥራ ነበር። ጓደኞቼ ስኮላርሺፑን ያገኘሁት በማርኬ ነው ይላሉ፤ የደብተሩን፥ የመብራቱንና የዳቦውን ዋጋ የከፈለችው ማን እንደሆነች ግን እኔ አውቃለሁ።

በኅዳር 2016 ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀች። በሩ ከውጭ ተቆልፎባት፥ አንሶላ ቋጥራ ለመውረድ ስትሞክር ቋጠሮው ተፈታ። ለምን እንደ ተቆለፈባት ብዙ አላትትም፤ ይህን ታሪክ የማያውቅ አበሻ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የለም። በመጋቢት 2009 አንዲት ኢትዮጵያዊት እዚሁ ኩዌት ከ7ኛ ፎቅ መስኮት ተንጠልጥላ ስትጮኽ አሠሪዋ በስልክ ስትቀርጻት ሁላችንም አይተናል፤ ያቺ ልጅ እንደ ተአምር ተርፋለች፥ አሠሪዋም ተይዛ ነበር። ሕግ የለም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፥ ቁጥር 68፥ ፓስፖርት መያዝን ይከለክላል፤ የሳምንት ዕረፍት ያዛል፤ በተከታዩ ዓመትም ዝቅተኛው ደመወዝ 60 ዲናር ተብሎ ተወስኗል። እታለም ስለዚህ ሕግ መኖር የሰማችው ሆስፒታል ከተኛች በኋላ ነው።

የተጎዳው ኅብለ ሰረሰሯ በደረት አጥንት 10ኛው ላይ ነው። ሐኪሞች አጥንቱን በብረትና በቡሎን አሰሩት። ከእምብርቷ በታች ስሜት የለም፤ እጆቿና ትከሻዋ ግን እንደ ቀድሞው ብርቱ ናቸው። ወዳጅ ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀኝ «ትሄዳለች ወይ?» ብሎ ነበር። «ሽንቷንስ እንዴት ታደርጋለች?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። እኔም ራሴ አልጠየቅሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሽንት ፊኛ ሲሞላ ለአንጎል የሚልከው መልእክት በኅብለ ሰረሰር በኩል ነው፤ አንጎልም «ቆይ» ወይም «ልቀቅ» የሚለው በዚያው መንገድ ነው። መንገዱ ሲቆረጥ ፊኛው የሚያዘው አያገኝም። እንደ እታለም ከወገብ በላይ የተጎዳ ሰው ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድንዛዜ በኋላ ፊኛው በራሱ ጊዜ መጨመቅ ይጀምራል፤ ክፋቱ ግን ፊኛው ሲጨመቅ መዝጊያው ጡንቻም አብሮ ይጠብቃል። ሽንቱ ወደ ውጭ መሄድ ሲያቅተው ግፊቱ ወደ ኩላሊት ይመለሳል። ጥቂቱ ያመልጣል፥ ብዙው ይቀራል፤ የቀረውም ይበላሻል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ኅብለ ሰረሰራቸው የተመታ ወታደሮች አብዛኞቹ የሞቱት በጥይቱ ሳይሆን በኋላ በመጣው የሽንት ኢንፌክሽንና የአልጋ ቁስል ነው። ይህን ታሪክ የለወጠው ከናዚዎች ሸሽቶ እንግሊዝ የገባው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1944 በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የከፈተው ክፍል ሽንትን በየጊዜው በጥንቃቄ በማውጣትና በሽተኛውን በማገላበጥ ሰዎችን ማትረፍ ጀመረ። ዛሬ ስሙ የሚነሣው የፓራሊምፒክ አባት እየተባለ ነው፤ እኔ ግን ለእኅቴ ስል በሽንቱ ሥራ ነው የማከብረው።

እታለም ከሆስፒታል የወጣችው ሁልጊዜ ውስጥ በሚቀመጠው ካቴተር ነው። ጫፉ ላይ ውኃ የሚሞላ ትንሽ ኳስ አለው፤ እሱ ነው እንዳይወጣ የሚይዘው። ሽንቱ ሌት ተቀን ወደ ከረጢት ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ መላ ነው፤ ሲቆይ ግን ተሕዋስያን በላስቲኩ ላይ ይሰፍራሉ፥ ጠጠር ይሠራል፥ ይደፈናል። የተቀመጠችው በሐወሊ፥ ስድስት ልጆች በጋራ በተከራዩት አፓርታማ ነበር። የቤቱ ኃላፊ ከሃያ ዓመት በላይ ኩዌት የኖሩ የጎጃም ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ማዕተባቸውን ከአንገታቸው ሳይፈቱ ለእታለም የሶላት ምንጣፏን የሚያነጥፉላት እሳቸው ነበሩ። ከረጢቱን ማታ ማታ የሚያፈሱላትም እሳቸው፥ ከሥራ እስኪመለሱም ደግሞ የሚያፈስላት የለም። እኔን አታስነካም። አንድ ቀን ሞልቶ ሊፈስ ሲል እጄን ብሰድ፥ «ተው! እኔ ነኝ አንተን ያጠብኩህ እንጂ አንተ እኔን አታጥበኝም» ብላ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ውኃ መጠጣት አቆመች። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከረጢቱ እንዳይሞላና ሰው እንዳታስቸግር ብላ በቀን አንድ ብርጭቆ ብቻ ትጠጣ ነበር፤ ያውም ሙቀቱ ከአርባ አምስት ዲግሪ በላይ በሚሆንበት አገር። በግንቦት መጀመሪያ ትኩሳት ያዛት፥ ተንቀጠቀጠች፥ መዘባረቅ ጀመረች። ሌሊቱን በአምቡላንስ ወሰድናት። ከደም ሥሯ መድኃኒት እየገባ አምስት ቀን ተኛች፤ ሐኪሙም ካቴተሩ መደፈኑን፥ ኢንፌክሽኑም ወደ ኩላሊት መውጣቱን ነገረን።

ዕድል የምለው እዚያ ዋርድ ውስጥ አንዲት የኬረላ ነርስ መገኘቷን ነው። ስሟን አልጽፍም፤ ሁሉም ሲስተር ይላታል። ሲስተር የእታለምን እጆች ይዛ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጣጥፋ ዘረጋችና በእንግሊዝኛ፥ «በእነዚህ እጆች ልብስ ተኩሳለች፥ ዳቦ ጋግራለች፤ ሽንቷን ማውጣት ያቅታታል?» አለችኝ። ከዚያም ማስረዳት ጀመረች። ትርጉሙ የእኔ ድርሻ ሆነ። ጓዶች፥ በሕይወቴ ብዙ ፈተና ተፈትኛለሁ፤ እንደዚያች ሩብ ሰዓት ግን አላብ አላለኝም። ከሴት ልጅ አካል ላይ ሽንት የሚወጣው የት እንደሆነ፥ ከየትኛው በላይ፥ ከየትኛው በታች እንደሆነ በአማርኛ ለታላቅ እኅቴ ልነግራት ነው! ቃሉን ባውቀውም አፌ አልወጣም። እታለም ጣራውን ታያለች፥ እኔ መሬቱን አያለሁ። ሲስተር ጠብቃ ጠብቃ ተስፋ ስትቆርጥ እትዬ «አንተ ልጅ ውጣ ከዚህ!» ብለው አባረሩኝና በዐረብኛ ተረከቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ሥራ በር መያዝ ሆነ።

የሲስተር ትምህርት ያረፈው በአንድ አሜሪካዊ ሐኪም ሥራ ላይ ነው። ጃክ ላፒዲስ የተባለ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሽንት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው ጽሑፍ በጊዜው ብዙ ሐኪሞችን ያስደነገጠ ነበር። በሽተኛው ራሱ፥ እጁን በሳሙና ታጥቦ፥ ካቴተሩን አስገብቶ ሽንቱን ያውጣና መልሶ ያውጣው፤ ጓንትና የቀዶ ጥገና ንጽሕና አያስፈልገውም አለ። ምክንያቱም ጀርሙ ብቻ አይደለም ጥፋተኛው፤ ፊኛው ከልክ በላይ ሲወጠር ግድግዳው ደም ያጣል፥ ያን ጊዜ ነው ጀርሙ የሚያሸንፈው። ስለዚህ ዋናው ነገር በሰዓቱ ባዶ ማድረግ ነው። በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ፤ በአንድ ጊዜ የሚወጣውም ከ500 ሚሊ ሊትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከበለጠ ሰዓቱን ማቀራረብ ነው። ፊኛው በራሱ እንዳይጨመቅ ደግሞ ኦክሲቡቲኒን የሚባል ክኒን አለ፤ አፍ ያደርቃል፥ ሆድም ያደርቃል፥ ግን ይረዳል።

ሰዓቱን ያገኘችው እታለም ራሷ ናት። ሲስተር በወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ስትሠራ እታለም በእትዬ በኩል «ሶላት አምስት ጊዜ ነው፤ ከውዱእ በፊት ላድርገው» አለች። ሲስተር ክርስቲያን ነች፥ ግን ኩዌት ለኖረ ሰው የሶላት ሰዓት እንግዳ አይደለም፤ ስልኳን አውጥታ አሰላችው። በሰኔ ወር በኩዌት ሱብሒ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፥ ዙህር 6 ሰዓት ሊሆን ሲል፥ ዐስር 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ፥ መግሪብ 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። ከሱብሒ እስከ ዙህር ግን ከስምንት ሰዓት በላይ ነው፤ በጣም ይረዝማል። መግሪብና ዒሻ ደግሞ በጣም ይቀራረባሉ። ስለዚህ የዒሻውን ትተው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩልና ከምሽቱ 5 ሰዓት ጨመሩ። ስድስት ጊዜ ሆነ። ከፋብሪካ ፈረቃ ይልቅ የተስተካከለ ነው። እንደ እሷ ሽንቱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው ለየሶላቱ ውዱእ አድርጎ መስገድ እንደሚፈቀድለት አንድ ሸኽ አስቀድመው ነግረዋት ነበር፤ እሷ ግን የፈለገችው ፈቃዱን አልነበረም፤ እርጥብ ሳትሆን መስገዱን ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው ልምጣ።

እጅ እያለ ምን ያስቸግራል? ትሉ ይሆናል። የመጀመሪያው ችግር ማየት ነው። ወንድ የሚያደርገውን ያያል፤ ሴት አታይም። ሁለተኛው ሚዛን ነው፤ ከደረት በታች ጡንቻ ሳይታዘዝ ጎንበስ ማለት መውደቅ ነው፥ ስለዚህ ጀርባዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ነው የምትቀመጠው። ሦስተኛው ጉልበቶቿ ናቸው። እግሮቿ ባይታዘዙም ዝም አይሉም፤ ሲነኩ ይንቀጠቀጣሉ፥ ጉልበትና ጉልበት እንደ መቀስ ይገጥማል። አንድ እጅ ካቴተር ይዟል፥ አንዱ ይከፍታል፥ ጉልበቱን የሚይዝ ሦስተኛ እጅ ከየት ይምጣ? ያ ሦስተኛ እጅ ሁልጊዜ እትዬ ከሆኑ ደግሞ ከከረጢቱ ምን ተሻለ?

ሲስተር በስልኳ አንድ ሥዕል አሳየችን፤ ጉልበቶችን አራርቆ የሚይዝ መወጠሪያ፥ መካከሉ ላይ የሚታጠፍ አንገት ያለው መስታወት። በሌላ አገር የሚሸጥ ነው፤ ዋጋውን ሳይ የእታለምን የአንድ ወር ደመወዝ አስታወሰኝ። «ይህን እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ። የሦስተኛ ዓመት የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪ የማይሠራው ነገር የለም መቼም።

ሹወይኽ የኢንዱስትሪ ሰፈር ሄድኩ። ጋራዥ፥ ብየዳ፥ መለዋወጫ፥ ሁሉ በዚያ ነው። በኩዌት መንገድ ምግብ የሚያደርሱ ሞተር ሳይክሎች እንደ ንብ ስለሚርመሰመሱ የሞተር መስታወት ርካሽ ነው፤ አንገቱም በሁሉም አቅጣጫ ይዞራል። በአንድ ዲናር ከሩብ ገዛሁ። አንድ ፓኪስታናዊ በያጅ የ30 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ቆርጦ፥ በሁለቱ ጫፍ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ጉልበት መያዣ በየደልኝና መስታወቱን መካከል ላይ አሰረው። «ሰዲቅ፥ ምን ሊሆን ነው?» ሲለኝ «የመኪና ሆድ ለማየት» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ለመኪና ሆድ የጉልበት መያዣ ምን እንደሚሠራ ሳይገባው አልቀረም መሰለኝ፥ ከዚያ በላይ ግን አልጠየቀኝም፤ የሠራበትንም ግማሹን ብቻ ተቀበለኝ።

መጀመሪያ የነቀፈችው ሲስተር ናት። ብረቱን በጣቷ ዳሰሰችና «ይህ ቆዳዋን ይበላዋል፤ አይሰማትም እኮ» አለች። እውነቷን ነው፤ ስሜት የሌለው ቆዳ ላይ ጠንካራ ነገር ቢያርፍ ቁስል ሊጀምር ይችላል፥ የአልጋ ቁስል ደግሞ ከኢንፌክሽን የማይተናነስ ገዳይ ነው። የአሮጌ ሶፋ ስፖንጅ ጠቀለልንበት፥ በጥጥ ጨርቅ ሰፋነው፥ ሲስተርም ከአሥር ደቂቃ በላይ እንዳይቆይ፥ ከተነሣ በኋላም ቆዳው መቅላት አለመቅላቱ እንዲታይ አዘዘች። እኔ የለካሁት ጥንካሬውን ነበር፤ ለስላሳነቱን መለካት እንዳለብኝ ትምህርት ቤት አልነገሩኝም።

ሁለተኛዋ ነቃፊ እታለም ነች። በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። ረጅም ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ከውስጥ፥ «ወንድምዓለም!» አለች።

«አቤት?»

«ይህ መስታወት ሁሉን ነገር ትንሽና ሩቅ ያደርገዋል። እኔ ነኝ ወይስ ደሴ ናት?»

እትዬ ሲስቁ ሰማሁ። የሞተር መስታወት ሰፊ መንገድ እንዲያሳይ ወደ ውጭ የጎበጠ ነው፤ የሚያየውን ሁሉ ያሳንሳል። በመካኒክስ ክፍል ሳይሆን በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የተማርነው ነገር! በማግሥቱ ከመቶ ፊልስ ሱቅ ሁለት ፊት ያለው የመኳኳያ መስታወት ገዛሁ። አጉልቶ የሚያሳየው ፊቱ በቅርብ ብቻ ነው የሚሠራው፥ ትንሽ ሲርቅ ያደበዝዛል፤ ስለዚህ ልሙጡን ፊት ወደ ላይ አድርጌ በሞተሩ መስታወት አንገት ላይ አሰርኩት። ትንሽ የእጅ ባትሪም በሽቦ አያያዝኩ። ሠራ።

ካቴተሩ ላይም አንድ ብልሃት ተማርን። የሴቶቹ አጭር ነው፤ የወንዶቹ ግን 40 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የመታጠቢያ ቤቱ በር ለተሽከርካሪ ወንበሯ ስለሚጠብብ እታለም ወንበሯ ወይም አልጋዋ ላይ ሆና ነው የምትሠራው፤ በረጅሙ ካቴተር ከተጠቀመች ሌላኛው ጫፍ መሬት ላይ ካለው ምልክት ያለበት ጠርሙስ ይደርሳል። ቁጥሩ 12፥ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር። ከፊቱ ዚፕ ተሠፋላት ረጅም ቀሚስ፤ እሱን የሠፉት እትዬ ናቸው። መሣሪያ ማለት ይህ ሁሉ ነው እንግዲህ፤ መስታወት፥ ስፖንጅ፥ ጠርሙስ፥ ዚፕ።

በዚያው ዋርድ አንገቱ ላይ የተጎዳ አንድ የአገራችን ልጅ ነበር፤ ሾፌር ነው። ለእሱ የእኔ መስታወት ምንም አይፈይድም፤ ጣቶቹ አይጨብጡም። እንደ እሱ ላለው ወንድ እንደ ኮንዶም ከውጭ የሚጠለቅ ካቴተርና በእግር የሚታሰር ከረጢት አለ፤ የከረጢቱ መክፈቻ በጣት የሚዞር ሳይሆን በእጅ ጀርባ ተገፍቶ የሚከፈት መሆን አለበት። የእጅ አንጓቸው ለሚነሣ ካቴተሩን መዳፍ ላይ የሚያስር ማሠሪያ ይሠራል። ሚትሮፋኖፍ የተባለ ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳወቀው ዘዴ ደግሞ አለ፤ ከትርፍ አንጀት ከፊኛው እስከ እምብርት የሚደርስ ቧንቧ ይሠራና ሽንቱ በእምብርት በኩል በካቴተር ይወጣል፤ ልብስ ማውለቅ የለም፥ መስታወትም የለም። ሾፌሩ ይህን ስነግረው «በእምብርት?» ብሎ ለረጅም ጊዜ ሳቀ፤ ከወደቀ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አንገትን ወይም የላይኛውን ደረት፥ ከ6ኛው አጥንት ጀምሮ ወደ ላይ፥ ለተጎዳ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፤ ፊኛው ሲወጠር ድንገት ራስ ምታት፥ የፊት መቅላትና ላብ ከመጣ የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ እየወጣ ነውና ወዲያው ሽንቱን ማውጣት ነው፥ ካልሆነም ወደ ሐኪም መሮጥ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከበስተጀርባችን አንድ ቀን ይቆጠር ነበር። አሠሪዋ እታለም ሆስፒታል ተኝታ ሳለች «ጠፍታለች» ብሎ አመልክቶባት ኢቃማዋ ተሰርዟል። የኩዌት መንግሥት በመጋቢት 2016 የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸው ሰዎች የምሕረት ጊዜ አውጆ ነበር፤ ቅጣት ሳይከፍሉ ለመውጣት የመጨረሻው ቀን ሰኔ 10 ነው ተባለ። ብትቆይ አሠሪዋን ከስሳ ካሣ መጠየቅ ትችል ይሆናል፤ የኢቃማዋ ጉዳይ ግን በየቀኑ ዕዳ ይሆናል። ብትሄድ ካቴተሩን ራሷ ማስገባት ሳትችል ሐይቅ ገብታ በማን እጅ ትወድቃለች? እናታችን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሰኔ 2 እና 3 ሞከረች፥ አልሆነላትም፤ በሁለተኛው ቀን ካቴተሩ የማይሆን ቦታ ገባና አዲስ ካቴተር እስክናመጣ ሰዓቱ አለፈ። ሌሊቱን «ያንኑ ከረጢት አስገቡልኝና ልሂድ» አለች።

ሰኔ 5 በመንገፍ የሠራተኞች መኖሪያ የሆነ ሕንጻ ተቃጠለ። ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሕንዳውያን፥ ከእነሱም ብዙዎቹ የኬረላ ልጆች። ሲስተር በዚያ ሳምንት ሳትመጣ ቀረች፥ እኛም አልደወልንላት። እንደገና ስትመጣ ዓይኗ አብጦ ነበር። ማንንም አላጣችም፤ ሰፈሯ ግን አጥቷል። እታለም እጇን ይዛ በዐረብኛ ጥቂት ቃል አለቻት፥ ሁለቱም ተላቀሱ፥ ከዚያ ሲስተር እጇን ታጥባ «ቀጥዪ» አለቻት። ቀኑም ተራዘመልን፤ መንግሥት ምሕረቱን እስከ ሰኔ 23 አራዘመው። አሥራ ሦስት ቀን።

በአሥራ ሦስቱ ቀን ውስጥ የሆነውን እኔ ልቆጥር አልችልም፥ በሩ ዝግ ነበርና። የማውቀው በጠርሙሱ ነው፤ እትዬ ከውስጥ 350፥ 400፥ 420 ሲሉ እኔ በደብተር እጽፋለሁ። እታለም ውኃ መጠጣት ጀመረች። በዚያው ሰሞን ሙቀቱ በመበርታቱ የኤሌክትሪክ ሚኒስቴር በቀን እስከ ሁለት ሰዓት በፈረቃ መብራት እንደሚያቋርጥ አስታወቀ፤ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የእኛም ሕንጻ ጠፋ። የእታለም ክፍል መስኮት የለውም። የመስታወቱም ባትሪ ያን ዕለት አልቆ ነበር። እትዬ ሥራ ላይ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ። «ሻማ ልግዛ?» አልኳት በበሩ በኩል። መልስ የለም። ስልኬን በበሩ ሥር ላንሸራትትላት ስል፥ «ተወው፤ ጨርሻለሁ» አለች። በጣቷ ዳስሳ፥ በጨለማ አድርጋው ነው። ሲስተር በኋላ ስትሰማ ብዙ ሴቶች መጨረሻ ላይ እንደዚያ እንደሚያደርጉ፥ መስታወቱ ለመማሪያ እንጂ ለዘላለም እንዳልሆነ ነገረችን። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፤ ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። ያን ያህል የለፋሁበት ማሽን በሁለት ሳምንት ጡረታ ወጣብኝ።

ሰኔ 20 ሸኘናት። ከአየር መንገዱ ሠራተኞች ጋር ከመግባቷ በፊት እዚያው ጣቢያው ውስጥ የአካል ጉዳተኞች መጸዳጃ ቤት ገባች። በሩን ያዝኩ። ስድስት ደቂቃ። ወጥታ እጇን እያደረቀች «ሰው እየጠበቀ ነው፥ ምን ትገትራለህ?» አለችኝ።

አገር ቤት ያለው ችግር ሌላ ነው፤ ካቴተሩ ከየት ይመጣል? በቀን ስድስት ማለት በዓመት 2190 ነው። ማሸጊያው «አንድ ጊዜ ብቻ» ይላል፤ እንደኛ ባለው አገር ግን ሰው በሳሙናና በንጹሕ ውኃ አጥቦ፥ አድርቆ፥ በንጹሕ ዕቃ አስቀምጦ ደግሞ ይጠቀምበታል፤ ሲስተርም ያስተማረቻት ይህንኑ ነው። ከነመያዣው የሚሸጥ፥ ተመላልሶ የሚያገለግል የሲሊኮን ካቴተር ጃፓኖች ይሠራሉ፤ አንዱን በሰው በሰው አግኝቼ ልኬላታለሁ፥ እንደ ወርቅ ነው የምትይዘው። ስለ ሽንት መታፈር ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ መጥተው፥ በኋላም የፊስቱላ ሆስፒታልን የከፈቱት በሽንት ምክንያት ከሰው የተለዩ ሴቶችን ሲያዩ ነው። ለወሊድ ጉዳት ያ ቤት አለ። ከፎቅ ለወደቁት ግን እታለም ያለችበት ወረዳ ውስጥ የምታውቀው ባለሙያ የለም፤ በደሴ አንዲት ነርስ ጠይቃት «እንዴት እንደምታደርጊው አሳዪኝ» ብላታለች። ሄዳ አሳይታለች።

እዚህ ኩዌት ለዕረፍት የምትመጡ ወይም ወደ አገር የምትሄዱ አባላት በሻንጣችሁ ጥግ አንድ ፓኮ ቁጥር 12 ካቴተር፥ የወንዶቹን ረጅሙን፥ ብትይዙልኝ በዝግጅት ኮሚቴው በኩል አገኛችኋለሁ። ፍተሻ ላይ ምንድነው ቢሏችሁ እንደ እኔ የመኪና ነው አትበሉ።

መስታወቱን ይዛው ነው የሄደችው። ባለፈው ሳምንት ስደውል ከኋላዋ የልጆች ጫጫታ ሰማሁና ምንድነው አልኳት። የአክስታችን ልጆች ናቸው፤ ማሽኔን ከግድግዳው ላይ አውርደው፥ በጉልበታቸው ይዘው፥ ሹሩባ እየተሠሩ ነው። አንገቱ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚዞር የኋላቸውን ያያሉ አሉ።